የፀሐይ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ፤ ነጋዴው አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባ ሒሳብ

ፀሐይ ሙቀቷን ለሰው ሁሉ ያለ ዋጋ ትሰጣለች፤ ሙቀቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ስለዚህ ይህን ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ሥራውንና ፍሬውን አስቀድሞ ቢመረምር ከኪሣራ ይድናል።

የነገሩ መሠረት በ1821 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ተገለጠ። ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለው ሊቅ ሁለት ዓይነት ብረቶችን በጫፎቻቸው አጋጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቀው፤ በአጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ሲንቀሳቀስ አየ። የሙቀቱ ልዩነት ኤሌክትሪክን አስነሥቶ ነበርና። በዚህ ዘዴ የተሠራ መሣሪያ የሚሽከረከር ክፍል የለውም፤ ድምፅም አያሰማም። በ1950ዎቹ ዓመታት በሶቪዬት ኅብረት በላምባ ፋኖስ ሙቀት ሬዲዮ ይሠራ የነበረው በዚሁ ዘዴ ነው።

ዘዴውን በፀሐይ ሙቀት የሞከሩት የሃንጋሪ ተወላጅ የሆኑት ማሪያ ቴልኬሽ ነበሩ። በ1954 ባወጡት ጽሑፍ፤ ጠፍጣፋው መሣሪያቸው ከተቀበለው የፀሐይ ኃይል ከመቶ 0.6 ብቻ፤ ጨረሩ በሌንስ 50 እጥፍ ሲሰበሰብ ደግሞ ከመቶ 3.35 ወደ ኤሌክትሪክ እንደ ለወጠ አስታወቁ። በ2011 በአሜሪካ የተሠራ አየር የሌለበት ጠፍጣፋ መሣሪያ ከመቶ 4.6 ደረሰ።

ይህ በነጋዴ ሒሳብ ሲታይ፤ የ100 ብር ሙቀት ገብቶ የ5 ብር እንኳ ኤሌክትሪክ አይወጣም ማለት ነው። በቀትር አንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ያህል ፀሐይ ቢያርፍበት፤ የተሻለው ጠፍጣፋ መሣሪያ 46 ዋት ይሰጣል። ብርሃንን በቀጥታ የሚለውጠው የተለመደው የሲሊከን ሰሌዳ ግን 200 ዋት ያህል ይሰጣል።

የድካሙ ምክንያት ግልጽ ነው። ዕቃው ኤሌክትሪክን በደንብ እያሳለፈ ሙቀትን ማገድ አለበት፤ ሁለቱን ጠባይ አጣምሮ የያዘ ዕቃ ግን በቀላሉ አይገኝም። ሙቀቱ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ካመለጠም ልዩነቱ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪኩም ይደክማል።

እንግዲህ ሻጩ ሦስት ነገር ይጠየቅ፤ በቀትር ከካሬ ሜትር ስንት ዋት ይወጣል? ቀዝቃዛው ወገን በምን ይቀዘቅዛል? የአንዱ ዋት ዋጋስ ስንት ነው? ለሱቅ መብራት ብቻ ከሆነ የሲሊከኑ ሰሌዳ ይመረጣል። ቀዝቃዛውን ወገን የሚያበርደው ውሃ ሞቆ ለእጥበት የሚያገለግል ከሆነ ግን፤ ሒሳቡን በሁለቱም ጥቅም መመርመር ይገባል።