ጋዙ በየት ይግባ? በብረት ማዕድን ውስጥ ስላሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች



በዙህር ሰዓት የመስጂዱን በር ሁላችንም እናውቀዋለን። የመጀመሪያው ጀመዓ ሰግዶ ሲወጣና ከክፍል የዘገየነው ለመግባት ስንጣደፍ እዚያችው ጠባብ በር ላይ እንገናኛለን። ውስጡ ሰፊ ቢሆን፣ እኛም ብንቸኩል፣ ፍጥነታችንን የሚወስነው በሩ ነው። በዚህ እትም የሳይንስ ዓምዳችን የምናየውም ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ብረት ከማዕድኑ ሲወጣ ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያፈጥነውም የሚያዘገየውም ቀዳዳ ነው።

ብዙዎቻችን ብረት የሚገኘው ድንጋዩን በማቅለጥ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ሄማታይት የተባለው ማዕድን ብረትና ኦክስጅን የተጣመሩበት ስለሆነ ማቅለጥ ብቻውን አይለያያቸውም። ኦክስጅኑን ነጥቆ የሚወስድ ያስፈልጋል። ብላስት ፈርነስ በሚባለው ረጅም ምድጃ ውስጥ ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ከኮክ የሚመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ጋዙ ወደ ማዕድኑ ይገባል፣ ኦክስጅን ይይዛል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ገቢውም ወጪውም በዚያው ቀዳዳ ነው። ማዕድኑ ከላይ ወደ ታች ለመውረድ ሰዓታት ሲፈጅበት፣ ጋዙ ግን ከታች ወደ ላይ የሚያልፈው በጥቂት ሴኮንዶች ነው። በዚህች አጭር ጊዜ ወደ ውስጥ መግባት ካልቻለ ሥራውን ሳይጨርስ በላይ በኩል ይወጣል፤ የተቃጠለው ነዳጅም በከፊል ባከነ ማለት ነው።

ታዲያ ጥሩ ቀዳዳ ምን ዓይነት ነው? ሦስት ነገሮችን እንይ።

አንደኛው ብዛቱ ነው። ለምድጃ የሚዘጋጀው ማዕድን ብዙ ጊዜ ተፈጭቶ፣ ተድበልብሎና በ1,250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ተተኩሶ ፔሌት የሚባል እንክብል ይሆናል። ከእንክብሉ ይዘት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ባዶ ቦታ ነው።

ሁለተኛው መገናኘቱ ነው። እንጀራን እናስብ። ከላይ ዓይኑ ብዙ ነው፤ ከታች ግን ድፍን ነው። ከላይ ያፈሰስነው ወጥ ይሰርጋል፤ ከታች በኩል ግን መግቢያ የለውም። በማዕድን ውስጥም እንዲሁ ዙሪያው የተዘጋ ቀዳዳ ለጋዙ ምንም አይጠቅመውም። ክፍት የሆነው ደግሞ እጅግ ከጠመዘዘ መንገዱን ያረዝምበታል።

ሦስተኛው ስፋቱ ነው። በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በተለመደው የአየር ግፊት አንድ የጋዝ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚጓዘው የአንድ ማይክሮሜትር ሲሶ ያህል ነው። ቀዳዳው ከዚህ ከጠበበ ሞለኪውሉ ከጓደኞቹ ይልቅ ከግድግዳው ጋር እየተላተመ ይሄዳል፤ ጉዞውም ይዘገያል።

የሚገርመው ግን ማዕድኑ በሂደቱ ውስጥ ለራሱ አዲስ ቀዳዳ መሥራቱ ነው። እናስላው። 160 ግራም ሄማታይት 30 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ይይዛል። ከእሱ የሚገኘው 112 ግራም ብረት ግን 14 ገደማ ብቻ ይበቃዋል። እንክብሉ በውጭ መጠኑ ካልተለወጠ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቦታ ባዶ ቀረ ማለት ነው። ሳይቀልጥ የተገኘ እንዲህ ያለ ብረት ስፖንጅ ብረት የሚባለው ለዚህ ነው።

ሆኖም ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። አንዳንድ ጊዜ አዲሱ ብረት ገና ባልተለወጠው ማዕድን ዙሪያ ድፍን ቅርፊት ሆኖ ይጋግራል። ያኔ በሩ ተዘጋ፤ የቀረው ኦክስጅን በጠጣሩ ብረት ውስጥ አልፎ መውጣት ስላለበት የመጨረሻው ክፍል በጣም ይዘገያል። «እንግዲያው ቀዳዳውን እናብዛው» እንዳንልም፣ ቀዳዳው የበዛ እንክብል ይሰባበራል። ዱቄቱ ደግሞ በእንክብሎቹ መካከል ያለውን ትልቁን የጋዝ መንገድ ይዘጋል። መሐንዲሶቹ የሚደክሙት በጥንካሬና በክፍትነት መካከል ያለውን ሚዛን ለማግኘት ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል? የምናድርበት ሕንፃ ፌሮ አለው፤ የምንሳፈርበት አውቶቡስም ብረት ነው። ዓለም ዛሬ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 7 በመቶ ገደማ ከብረታ ብረት ሥራ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በካርቦን ሞኖክሳይድ ፈንታ ሃይድሮጅን የመጠቀም ጥረት ተጀምሯል። በስዊድን ሉሌዮ ከተማ ያለው ሃይብሪት የተባለው የሙከራ ፋብሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. በሃይድሮጅን ስፖንጅ ብረት አምርቷል። ወጪው ጋዝ የውሃ ትነት ነው። ለቀዳዳውም የተመቸ ነው፦ ሃይድሮጅን ከካርቦን ሞኖክሳይድ 14 ጊዜ ስለሚቀል፣ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ 3.7 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። ግን ዋጋ አለው፤ ሃይድሮጅኑ ኦክስጅኑን ሲነጥቅ ሙቀት ስለሚስብ ምድጃው ከውጭ ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋል። የድፍኑ ቅርፊት ችግርም አብሮ አይጠፋም።

በእጃችን መሞከር ለምንፈልግ፣ ያልተቀባ የሸክላ ወይም የጡብ ስባሪ ይበቃናል። በደንብ አድርቀን እንመዝነው። ከዚያ ውሃ ውስጥ አፍልተን፣ እዚያው አቀዝቅዘን፣ ላዩን ጠርገን እንደገና እንመዝነው። የጨመረው ግራም ክፍት ቀዳዳዎቹ የያዙት ውሃ ነው፤ በኪዩቢክ ሴንቲሜትርም ያው ቁጥር ነው። ውሃ የጠጣውን ስባሪ በመለኪያ ዕቃ ውስጥ ብናጠልቀው ሙሉ ይዘቱን እናገኛለን። ለምሳሌ 30 ግራም ጨምሮ ይዘቱ 110 ከሆነ፣ ክፍት ቀዳዳው 27 በመቶ ነው። የተዘጉትን ቀዳዳዎች ግን ይህ መንገድ አያሳየንም፤ ውሃውም እንደ ጋዙ በር አላገኘማ!

ውጤታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ኢንሻአላህ አብረን እናወዳድራለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።