ትንሿ ማጫወቻ የምታነበው ዝርዝር

የመኪናው ቴፕ ላይ ፍላሽ የሚሰካ ሹፌር፣ ጠዋት ጠዋት ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ የሚሮጥ ወጣት፣ መዝሙር በሚሞሪ ካርድ አስጭነው በትንሽ ስፒከር የሚያዳምጡ እናት አንድ የጋራ ቅሬታ አላቸው፤ አልበሙ በተራው አይጫወትም። ሦስተኛው ዘፈን ቀድሞ ይመጣል፣ ከአንደኛው ቀጥሎ አሥረኛው ይከተላል፣ ትናንት የተጫነው ከመሃል ብቅ ይላል። «ዕቃው አይረባም» ወይም «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባልና ነገሩ በዚያው ይታለፋል።

ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። «ሽፍል» የሚባለው የማደባለቂያ ቁልፍ በርቶ ካልሆነ በቀር ማጫወቻዋ ዘፈን አታዘበራርቅም (ይህን ማጣራት የመጀመሪያው ሥራ ነው)። ከፊቷ ያለውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንድም ሳትዘል ታነባለች። ቅሬታው የሚነሣው አድማጩ በልቡ የያዘው ዝርዝርና እሷ የምታነበው ዝርዝር ሲለያዩ ነው። የትኛውን እንደምታነብ ከታወቀ ማስተካከሉ ብዙ ጊዜ የማይወስድ ሥራ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ብቅ ሲሉ ጥያቄው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 ገበያ የወጣው የደቡብ ኮሪያው ኤምፒማን ኤፍ10 ማከማቻው 32 ሜጋባይት ነበር፤ በ128 ኪሎቢት ጥራት ቢይዝ ቢይዝ የግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ነው። ያን ያህል ጥቂት ዘፈን ቢዘበራረቅ ማን ይቸገራል? እ.ኤ.አ. በ2001 አፕል ባለ 5 ጊጋባይቱን አይፖድ 1,000 ዘፈን ይይዛል ብሎ አወጣ። ዛሬ ደግሞ ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ብዙ ሺህ ዘፈን ትሸከማለች። በዚህ ብዛት ውስጥ ተራ ሲጠፋ ዘፈኑም አብሮ ይጠፋል።

ከዘፈን ይልቅ ለትረካ ጉዳቱ ይብሳል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በክፍል በክፍል ተቆራርጦ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራል። ተራው ሲዛባ በዛብህ ገና ሳይወለድ ከሰብለ ወንጌል ጋር በፍቅር ይወድቃል። መጽሐፉን ያላነበበ ልጅ ያንን ድንቅ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ተገለባብጦ ሲሰማው ያሳዝናል።

ማጫወቻዎች የሚያነቧቸው ዝርዝሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ካርዱ ወይም ፍላሹ ላይ ያለው የፋይሎች መዝገብ፣ ሁለተኛው የፋይሎቹ ስም፣ ሦስተኛው በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ የተጻፈው መለያ ነው።

ከሦስቱ እጅግ የተናቀው የመጀመሪያው ነው፤ አብዛኛው ተጠቃሚ መኖሩንም አያውቅም። ፍላሽና አነስተኛ ሚሞሪ ካርዶች ፎርማት የሚደረጉት ፋት በሚባለው ሥርዓት ነው። መሠረቱን የማይክሮሶፍቱ ማርክ ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1977 ጻፈው፤ ዛሬም በብዛት የምናየው ፋት32 በ1996 መጣ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፎልደር የራሱ ሠንጠረዥ አለው፤ እያንዳንዱ መስመርም 32 ባይት ነው። ጥንት አንድ ፋይል አንድ መስመር ይበቃው ነበር፤ 8 ፊደል ለስሙ፣ 3 ፊደል ለዓይነቱ። ረጅም ስም ከዊንዶውስ 95 ጋር ሲመጣ የድሮው መስመር ሳይነካ ተጨማሪ መስመሮች ከፊቱ ተደረደሩለት፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ መስመር 13 ፊደል ይይዛል። ስሙ 30 ፊደል የሆነ ዘፈን እንግዲህ አራት መስመር ይወስዳል ማለት ነው።

ይህ ሠንጠረዥ የፊደል ተራ አያውቅም። የሚሠራው እንደ እድር መዝገብ ነው፤ አባል በገባበት ተራ ይጻፋል፣ የለቀቀው ይሰረዛል፣ ባዶ የቀረው መስመር ለአዲስ ገቢ ይሰጣል። ርካሽ ማጫወቻዎችና ብዙ የመኪና ቴፖች መዝገቡን እንዳለ ያነቡታል። መደርደር የሥራ ማህደረ ትውስታ ይፈልጋል፤ በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ያለችው ቺፕ ደግሞ ያላት ጥቂት ነው። ፋይል በመጣበት ተራ መጫወት ለእሷ ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ነው።

ትናንት የተጫነው ዘፈን ከመሃል ብቅ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አራት መስመር የያዘ አሮጌ ዘፈን ሲጠፋ አራት ባዶ መስመር ይተዋል። አዲሱ ዘፈን በአራት መስመር የሚበቃ ስም ካለው እዚያው ክፍተት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ስሙ ከረዘመ ግን ሌላ ቦታ ይፈለግለታል። ሰው «ዘፈኑ በዘፈቀደ ገባ» የሚለው ነገር የስሙ ርዝመትና የክፍተቱ ስፋት ውጤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ሥር ሰድዷል። ፍላሹ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ዘፈኖቹ 01፣ 02፣ 03 ተብለው በሥርዓት ተደርድረው ይታያሉ፤ «እዚህ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የቴፑ ነው» ይባላል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያሳየው መዝገቡን አይደለም። አንብቦ ለስክሪኑ ሲል ራሱ ደርድሮ ነው የሚያቀርበው፤ ካርዱ ላይ ያለው ተራ እንደነበረ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በረጅም መንገድ ላይ ያገኘው አንድ ሹፌር ፍላሹ ላይ ያለውን ዘፈን ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈተ ስሙን በቁጥር ቀይሮ ነበር። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ቁጥሩ አልተዘለለም። ቴፑ ግን በድሮው ተራ ቀጠለ፤ ሰውየውም ቴፕ ሊቀይር ዋጋ ጠይቆ ነበር። ስም መቀየር መስመሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይቀይራል እንጂ፣ አዲሱ ስም ረዝሞ ከቦታው ካላስወጣው በቀር መስመሩን ከቦታው አያነቃንቅም። ዘፈኖቹ ወደ ኮምፒውተር ወጥተው፣ ፍላሹ ባዶ ተደርጎ፣ በቁጥራቸው ተራ ሲመለሱ የዚያው አሮጌ ቴፕ ተራ ተስተካከለ።

መድኃኒቱም ይኸው ነው። ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ፍላሹን ፎርማት ማድረግ፣ ከዚያ በሚፈለገው ተራ መመለስ። በዊንዶውስ ብዙ ፋይል መርጦ ሲጎተት ጠቋሚው የያዘው ፋይል ቀድሞ ስለሚሄድ፣ ጎትቶ የሚገለብጥ ሰው የመጀመሪያውን ዘፈን ይዞ ይጎትት። ዘፈኑ በመቶዎች ከሆነ ለዚሁ የተሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዊንዶውስ ድራይቭሶርት፣ በሊኑክስ ፋትሶርት። ዘፈኖቹን ሳይነኩ የመዝገቡን መስመሮች ብቻ እንደገና ይጽፋሉ። ፎልደሮችም በመዝገቡ መስመር እንዳላቸው መርሳት አይገባም፤ ተራው የሚስተካከለው ለዘፈኖቹም ለፎልደሮቹም ነው።

ፍላሽን «ኢጀክት» ሳያደርጉ መንቀል የለመዱ ሰዎች ይህን ልማድ ቢተዉ ይበጃል። የሚጎዳው ያው መዝገብ ነው። መዝገቡ እየተጻፈ ከተነቀለ መስመሩ ይቆረጣል፤ ዘፈኑ ካርዱ ላይ እያለ መንገዱ ይጠፋል።

ሁለተኛው ዝርዝር፣ የፋይል ስም፣ ሻል ባሉ ማጫወቻዎች ይነበባል። እዚህ ያለው ወጥመድ የታወቀ ነው፤ መሣሪያው ቁጥርን እንደ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ 10 ከ2 ይቀድማል። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ቡዳ ሙዚክ ያሳተመውን «ኢትዮፒክስ» በየቅጹ ቁጥር ፎልደር ከፍቶ የሰበሰበ ሰው ያውቀዋል። ከቅጽ 1 የ1960ዎቹና የ70ዎቹ ወርቃማ ዘፈኖች ቀጥሎ ቅጽ 10 ትዝታ ይመጣል፤ የከተማ አዝማሪዎች ያሉበት ቅጽ 2 ደግሞ ከ19 በኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። 01፣ 02 ብሎ ዜሮ መጨመር ይበቃል። ሮክቦክስ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር በማጫወቻቸው የጫኑ ሰዎች ዜሮም አያስፈልጋቸውም፤ ቁጥርን እንደ ሙሉ ቁጥር አንብቦ እንዲደረድር የሚታዘዝበት ምርጫ አለው።

በግዕዝ ቁጥር ለሚጠቀም ሰው ግን ዜሮ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ይህ ሊነገርለት የሚገባ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ቁጥሮቹ ከፊደላቱና ከነጥቦቹ ቀጥለው ከ፩ እስከ ፱፣ ከዚያ ፲፣ ፳፣ ፴ እያሉ እስከ ፺፣ በመጨረሻም ፻ እና ፼ ሆነው ተሰለፉ። አሥር የራሱ ምልክት ስላለው አሥራ አንድ የሚጀምረው በ፲ ነው፤ ፲ ደግሞ ከ፱ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊደልን በኮዱ ተራ የሚደረድር ማንኛውም መሣሪያ ፩፣ ፪ ብሎ ጀምሮ ፱፣ ፲፣ ፲፩ እያለ ያለ አንዳች እርዳታ በትክክል ይሄዳል። ይህ እስከ ፻፺፱ ይሠራል። ሁለት መቶ ፪፻ ተብሎ ስለሚጻፍ ተመልሶ ከ፪ ጎን ይገባል። መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት በድምፅ የሚያስጭን ሰው በዓለም ቁጥር ከ001 ጀምሮ ሦስት ሦስት አኃዝ መጻፍ አለበት፤ በግዕዝ ከ፩ እስከ ፻፶ ልክ መጽሐፉ ላይ እንደሚያነበው ጽፎ ይጨርሳል።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የአማርኛ ፎንት የሌላት ማጫወቻ በቁጥሩ ፋንታ ባዶ ሳጥን ልታሳይ ትችላለች፤ ያ መደርደሯን አያግድም። በአንድ ፎልደር ውስጥ የግዕዝና የዓለም ቁጥር መቀላቀል ግን አይገባም፤ የዓለም ቁጥር ከሁሉም ፊደል ይቀድማል፣ የግዕዙ ከሁሉም ይከተላል።

የፊደል አጻጻፍም በዚሁ ሕግ ይገዛል። የአንድ ሰው ፎልደር ግማሹ «አለማየሁ እሸቴ»፣ ግማሹ «ዓለማየሁ እሸቴ» ከተባለ ማጫወቻዋ ሁለት ዘፋኝ ታያለች። በኮዱ ተራ በአ እና በዐ መካከል ከ እና ወ ስላሉ ኩኩ ሰብስቤ በሁለቱ መሃል ትገባለች። አንዱን አጻጻፍ መርጦ መጽናት ነው።

ሦስተኛው ዝርዝር ኤምፒ3 ፋይሉ ውስጥ ያለው አይዲ3 የሚባለው መለያ ነው። ኤሪክ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀምረው በፋይሉ ጭራ ላይ 128 ባይት ብቻ ነበር፤ ለዘፈኑ ርዕስ 30፣ ለዘፋኙ 30፣ ለአልበሙ 30፤ የትራክ ቁጥር ግን አልነበረውም። ማይክል ሙችለር በቀጣዩ ዓመት ከአስተያየት መስኩ ሁለት ባይት ወስዶ ለትራክ ቁጥር ቦታ አበጀ። በ1998 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ሰፊና ተለዋዋጭ ነው፤ የአማርኛ ርዕስም በትክክል የሚቀመጠው በእሱ ነው። ርዕሱ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የሚታይ ዘፈን ብዙውን ጊዜ በድሮው መለያ ወይም በተሳሳተ ኮድ የተጻፈ ነው። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መለያውን በአይዲ3 2.3 እና በዩቲኤፍ-16 መጻፍ አሮጌም አዲስም ማጫወቻ የሚስማማበት ምርጫ ነው።

አይፖድ የሚያነበው ይህን ዝርዝር ብቻ ነው። ዘፈኖቹን ትርጉም በሌላቸው አራት አራት ፊደል ስሞች ሰይሞ በትንንሽ ፎልደሮች ይበትናቸውና ተራውን መለያዎቹ ከተመዘገቡበት ከራሱ የመረጃ ቋት ያወጣል፤ ስለዚህ የፋይል ስም ማስተካከል ለእሱ ከንቱ ድካም ነው።

እንደ «ኢትዮፒክስ» ቅጽ 1 ብዙ ዘፋኝ ያለበት አልበም በመለያ ሲደረደር በየዘፋኙ ይበታተናል። «የአልበም አርቲስት» የሚለው መስክ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ለሁሉም ትራክ አንድ ዓይነት ስም ሲሞላበት ብዙ ማጫወቻዎች አልበሙን መልሰው ይሰበስቡታል። ዘፈን የሚጭኑ ሱቆችም የስልክ ቁጥራቸውን በአልበሙ መስክ መጻፍ ቢተዉ መልካም ነው፤ የስልክ ቁጥር በተጻፈበት መስክ የመቶ ዘፋኞች ሥራ አንድ አልበም ሆኖ ይቀራል።

ማጫወቻዋ ከሦስቱ የትኛውን እንደምታነብ ለመለየት ሦስት ዘፈን ይበቃል። ፋይሎቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ መሰየም፣ በውስጣቸው ያለውን የትራክ ቁጥር በተቃራኒው 3፣ 2፣ 1 ማድረግ፣ ከዚያ ባዶ ፍላሽ ላይ መጀመሪያ 2ን፣ ቀጥሎ 3ን፣ በመጨረሻ 1ን አንድ በአንድ መገልበጥ። 2፣ 3፣ 1 ብላ ከተጫወተች የምታነበው መዝገቡን ነው፤ 1፣ 2፣ 3 ካለች ስሙን፤ 3፣ 2፣ 1 ካለች መለያውን። ማስተካከሉ ካለቀ በኋላም መፈተሽ ያለበት የአልበሙ መጀመሪያ አይደለም፤ እሱ ተራው ተዛብቶም ልክ ሊመስል ይችላል። 9ኛውን ዘፈን ከፍቶ 10ኛው ሲከተለው፣ ከ10ኛውም በኋላ 11ኛው ሲመጣ ማየት ነው።