ቢራቢሮ መቼ ታርፋለች?

በአዲስ አበባ የሚገኘው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ነውና ጠዋቱ ይበርዳል። ቢራቢሮ ፎቶ ለማንሳት ለሚወጣ ሰው ብርዱ ትልቅ ባለውለታ ነው። የቢራቢሮ የበረራ ጡንቻዎች እንደ ልብ የሚሠሩት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቁ ነው፤ ሙቀቱን የምታገኘው ደግሞ ከፀሐይ ነው። ስለዚህ በማለዳ ቅጠል ወይም ድንጋይ ላይ ክንፏን ዘርግታ ትሞቃለች። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ማን ይደርስባታል?

ወዲያ ወዲህ መወላገዷ ከወፍ የምታመልጥበት ብልሃት ነው። ቀጥ ብላ ብትበር ወፏ መድረሻዋን ገምታ ትቀልባት ነበር። ክንፏ ከሰውነቷ አንጻር እጅግ ሰፊ በመሆኑ አንድ ምት ብቻ አቅጣጫዋን ያስቀይራታል። በ2021 የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ክንፎቿን ከላይ ስታጋጥም እንደሚያጨበጭብ መዳፍ ጎበጥ ታደርጋቸዋለች፤ በመካከል የታፈነው አየር ሲወጣም ወደፊት ይገፋታል።

የማትቸኩልም አለች። ዳናውስ ክሪሲፐስ የምትባለው ብርቱካንማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነች ቢራቢሮ ዘና ብላ ትንሳፈፋለች። አባጨጓሬዋ ነጭ ወተት የሚያፈሱ ተክሎችን በልቶ መርዛቸውን በሰውነቱ ያከማቻል፤ አንዴ የቀመሰቻት ወፍ ዳግም አትሞክራትም። መርዝ የሌላት የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴትም ይህችኑ መስላ ትኖራለች። በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ፎቶ ላይ ግን የኋላ ክንፉን መሐል ማየት ነው። ዳናውስ እዚያ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች አሏት፤ አስመሳይዋ በክንፉ የፊት ጠርዝ አንድ ብቻ።

ለመቅረብ ዓይኗን ማወቅ ያሻል። እያንዳንዱ ዓይን በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ሌንሶች የተሠራ ነው፤ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች። ዝርዝር ነገር ይደበዝዝባታል፣ እንቅስቃሴ ግን አያመልጣትም። ጎንበስ ብሎ፣ ጥላን ሳይጥሉባት፣ በጣም በዝግታ መጠጋት ነው። መንገድ ዳር ያለ እርጥብ ጭቃም አይናቅ፤ ወንዶቹ ጨው ፍለጋ ተሰብስበው ይመጡታል፤ ሲመጡም ቶሎ አይነሱም። ጨዉ በኋላ በግንኙነት ጊዜ ወደ ሴቷ ይተላለፋል።

ለበረራ ፎቶ የሸተሩ ፍጥነት ቢያንስ የሰከንድ አንድ ሺኛ ይሁን። በስልክ የሚያነሳ ሰው በተከታታይ ያንሳ፤ አብዛኛው ይጣላል፣ ግድ የለም። ቅርብ ሲሆን ፎከስ የሚይዘው ስስ ንጣፍ ብቻ ስለሆነ ካሜራውን ከክንፉ ጋር ትይዩ ማድረግ ይበጃል። ቢራቢሮዋን ፍሪጅ ውስጥ አፍዝዘው የሚያነሱም አሉ፤ እኔ እንደሱ የተነሳ ፎቶ አያስደስተኝም።

ክንፋቸው ያማረውን ብቻ የሚመርጡ አንሺዎችም ትልቅ ነገር ያልፋቸዋል። ቫኔሳ ካርዱይ የምትባለው ቢራቢሮ በመከር ወራት ከአውሮፓ ተነስታ፣ ሜዲትራኒያንንና ሰሃራን አቋርጣ ከበረሃው በስተደቡብ ትደርሳለች። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በደጋችን የምትታይ፣ ቀለሟ የገረጣና ክንፏ የተቦጫጨቀ ቫኔሳ ከዚያ የመጣች መንገደኛ ልትሆን ትችላለች። ቀኑና ቦታው ከተመዘገበ የእሷ ፎቶ ከአዲሶቹ ይልቅ ለተመራማሪ ይጠቅማል።