ያውቁ ኖሯል? የእቃ ማጠቢያ ገንዳ የማያውቀው ሳህን

በአቡ ዳቢ ምግብ ቤቶች ሳህንዎ የሚታጠብበት ውኃ ከባሕር የተቀዳ ነው። ኤምሬቱ ወንዝ የለውም፤ በቧንቧ የሚወርደው በአመዛኙ ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ነው። ከባሕር ርቃ በረሃ ውስጥ ለምትገኘው የኤምሬቱ ከተማ አል ዓይንማ፣ ከማዶ ካለችው ከፉጃይራ ጠረፍ ጭምር ተራራ አቋርጦ ይመጣል።

በዚያው የሚኖሩ የደቡብ ሕንዷ ኬረላ ተወላጆች የኦናም በዓል ማዕድ ግን ሳህን አይፈልግም። አረንጓዴ የሙዝ ቅጠል፣ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ግራዎ ዞሮ፣ ፊትዎ ይነጠፋል። ሩዙ ከፊትዎ ይቆለላል፤ ማባያው፣ የአትክልት ጥብሱ፣ ቺፕሱ ከላይ በኩል በየተራ ይደረደራል። አንዳንዴ ከሃያ ዓይነት በላይ ነው! በልተው ሲጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራስዎ ያጥፉት፤ «ጣፍጦኛል» ማለት ነው። ከዚያ ከነትርፍራፊው ይነሳል፤ የሚታጠብ ነገር የለም። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ለበላ ሰው ይህ ብዙም አይገርም ይሆናል።

ደረቅ የቅጠል ሳህንም አለ፤ የሚሠራው ከአሪካ ዘንባባ በራሱ ጊዜ ከሚወድቀው የቅጠል ሽፋን ነው። ሽፋኑ ይታጠባል፣ ከዚያም በጋለ ማተሚያ ተጭኖ የሳህን ቅርጽ ይይዛል፤ ሙጫም ቀለምም አይገባበትም። ውኃ የሚያገኘው ያኔ ሲሠራ ነው፤ ከተበላበት በኋላ ግን ብስባሽ ይሆናል።

አቡ ዳቢ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የፕላስቲክ ከረጢት ከጁን 1 ቀን 2022፣ የስታይሮፎም የምግብ እቃን ከጁን 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላለች። ቅጠል ግን አልተከለከለም።