ጮማ ሌላ፣ ሞራ ሌላ

በዓል ሲመጣ እኛ ቤት በጉን የሚገፈው አጎቴ ነው። ቆዳውን በቢላ ጫፍ ያስጀምርና የቀረውን በቡጢ እየገፋ ያላቅቀዋል። ከቆዳው ሥር ነጭ ስብ ብቅ ይላል፤ ጀርባው ላይ ሳሳ ያለ፣ ወደ ላቱ ሲወርድ ወፈር ያለ። ሆዱ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ስብ ይመጣል፤ ጨጓራና አንጀቱን እንደ ዳንቴል የሸፈነው ሞራ። አጎቴ በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ሲያዞረው እኛ ልጆቹ ዝም እንላለን። የመጪውን ክረምት ዝናብ ሊያነብበት ነዋ።

የሰው ሆድም ከዚህ ብዙ አይለይም። አንዱ ስብ ከቆዳ ሥር ነው፣ ሌላው ከሆድ ዕቃ ጋር ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ በመሃላቸው የሆድ ጡንቻ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ላይፖሰክሽን፣ በተለምዶ «ስብ ማስመጠጥ» የሚባለው ኦፕራሲዮን፣ የሚደርሰው ከግድግዳው ወዲህ ላለው ስብ ብቻ ነው። ሞራውን የሚመጥጥ ቱቦ የለም። ቱቦው እዚያ ከደረሰ ግድግዳው ተበስቷል ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለው አንጀት ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የአክስቴ ልጅ ስልክ ነው። የምትኖረው ቨርጂንያ ነው፤ ሁለት ልጆቿን በኦፕራሲዮን ወልዳለች። «ቦርጬን ላስመጥጥ ነው» አለችኝ። ሦስት ቦታ ጠይቃ ሁለቱ እሺ ብለዋታል፤ ሦስተኛው ሐኪም፣ በእሷ አነጋገር፣ «አባረረኝ»። እኔ ግን እሺ ካሏት ይልቅ ስላባረራት ሰውዬ ማወቅ ፈለግሁ።

«ምን አደረገሽ?»

በጀርባዋ አስተኝቷት ጣቶቹን ከእምብርቷ ከፍ አድርጎ አሳረፈና ጭንቅላቷን ብቻ ቀና እንድታደርግ ጠየቃት። ቀና ስትል የሆዷ መሃል እንደ ጀርባ አጥንት ሽቅብ ቆመ፣ የሐኪሙ ሁለት ጣቶች ግን በግራና በቀኝ ጡንቻ መካከል ወደ ውስጥ ሰመጡ። ቀጥሎ ቆዳዋን ቆንጠጥ አደረገ፤ በእጁ የገባው እምብዛም አልነበረም። ሆዷን የገፋው ስብ ሳይሆን በእርግዝና ጊዜ የተለያየው ጡንቻ መሆኑን ነገራት። ስቡ ቢመጠጥ ያው የተገፋ ሆድ፣ ላዩ ላይ የላላ ቆዳ ብቻ ተጨምሮበት ይቀራታል። ጡንቻውን የሚያጠብቅ ኦፕራሲዮን አለ፤ እሱ ግን ሌላ ሥራ ነው፣ ጠባሳውም ከዳሌ እስከ ዳሌ ይደርሳል።

ቁንጠጣውን ማንም ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ተኝቶ የሆድን ጡንቻ አጠንክሮ ላዩን በጣት መያዝ ነው። ብዙ ከተያዘ ስቡ ከቆዳ ሥር ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ጣት የሚይዘው ቀጭን ቆዳ ብቻ ከሆነ ግን ያ ሞራ ነው። ብዙ ወንዶች ቦርጫቸውን እየመቱ «ጠንካራ ነው» ብለው የሚኮሩበት ይኸው ነው፤ ከስኳርና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚወዳጀውም እሱ ነው። ያንን የሚያቀልጠው ምግብና እንቅስቃሴ እንጂ ቱቦ አይደለም።

ቆዳም የራሱ ድርሻ አለው። ስቡ ሲወጣ ቆዳው ተሰብስቦ መቀመጥ አለበት፤ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ወዲያው የሚመለስ ቆዳ ይሰበሰባል። ሸንተረር የበዛበት ወይም ክብደት ብዙ ጊዜ ወጥቶ የወረደበት ቆዳ ግን አየር እንደለቀቀ ፊኛ ይቀራል። ስለዚህ ለዚህ ኦፕራሲዮን የሚመረጠው ሰው ብዙዎች ከሚገምቱት ተቃራኒ ነው። ክብደቱ ለቁመቱ ከሚገባው ብዙም ያልራቀና ለወራት ያልተለዋወጠ፣ ሲጋራ የማያጨስ፣ የልብ ሕመምም ሆነ የደም መርጋት ታሪክ የሌለው፣ በስፖርት አልሄድ ያለ ትንሽ ስብ አንድ ቦታ ላይ የያዘ ሰው። ለመክሳት የሚመጣውን የሚቀበል ሐኪም ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ገንዘቡን ብቻ አይቷል።

ሳይንሱም ይህንኑ ይላል (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2004 በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ15 ወፍራም ሴቶች እያንዳንዳቸው ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ስብ መጥጠው አወጡና ከ10 እስከ 12 ሳምንት በኋላ መረመሯቸው። የደም ግፊታቸው፣ የኢንሱሊን ሥራቸው፣ የደም ቅባታቸው እንደነበረ ነው። ያን ያህል ስብ በምግብ ቅነሳ ቢወርድ ኖሮ ለውጡ በደም ምርመራ በታየ ነበር።

ከዚህም በላይ የሚደንቀኝ የሴሎቹ ነገር ነው። የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች በ1950ዎቹና 60ዎቹ አየሩን ካርቦን 14 በሚባል ጨረር አመንጪ ካርቦን ሞልተውት ነበር። የስዊድን ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት በስብ ሴሎች ዲኤንኤ ውስጥ ያለውን ይህንኑ ካርቦን ለክተው የሴሎቹን ዕድሜ አወቁ። አዋቂ ሰው በየዓመቱ ወደ 10 በመቶ የሚሆኑ የስብ ሴሎቹን ይተካል፤ ቁጥራቸው ግን ሲከሳም አይቀንስም፣ ሴሎቹ ያንሳሉ እንጂ። ላይፖሰክሽን የተለየ የሚሆነው ሴሎቹን ራሳቸውን ስለሚያወጣ ነው። ሆኖም አካል ሒሳቡን የረሳ አይመስልም። በ2011 ከኮሎራዶ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ኦፕራሲዮን ባደረጉት ሴቶች ላይ የወጣው ስብ በዓመቱ ተመልሶ መጥቷል፤ ከጭን የወጣው ወደ ጭን ሳይሆን ወደ ሆድ።

አሠራሩን ማወቅ ሐኪም ለመምረጥም ይረዳል። በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ አንድ ሐኪም የአንዲት ዳንሰኛን እግር ለማቅጠን የማሕፀን መጥረጊያ መሣሪያ ተጠቀመ፤ የደም ሥሯ ተጎድቶ እግሯ ተቆረጠ። ጫፉ ደነዝ የሆነ ቱቦ የመጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በሮም በፊሸር አባትና ልጅ፣ በፓሪስ በኢቭ ዠራር ኢሉዝ እጅ ነው። ያኔም ቢሆን ደም በብዛት ይፈስ ነበር። በ1985 ጄፍሪ ክላይን የተባለ የካሊፎርኒያ የቆዳ ሐኪም ሊዶኬይን የሚባለውን ማደንዘዣና አድሬናሊንን በብዙ የጨው ውኃ አቅጥኖ ስቡ ውስጥ መርጨት ጀመረ። አድሬናሊኑ የደም ሥሮቹን ያጠብባል፣ ማደንዘዣው ሕመሙን ያስታግሳል፣ ስቡም አብጦ ለቱቦው ይመቻል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት መንገድ ከዚህ የወጣ ነው።

አደጋው ታዲያ እዚሁ ውስጥ ተደብቋል። የተረጨው ሊዶኬይን ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ስለሆነ በደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን የሚደርሰው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ያኔ ታካሚው ቤቱ ወይም ሆቴሉ ገብቶ ይሆናል። ክላይን ለጥንቃቄ ያስቀመጠው ጣሪያ ለእያንዳንዱ ኪሎ የታካሚው ክብደት 35 ሚሊግራም ነበር። ስለዚህ «ማደንዘዣው በኪሎ ስንት ነው?» እና «ሌሊት አንድ ነገር ቢያጋጥመኝ ስልክ የሚያነሳልኝ ማነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ሐኪምን ከነጋዴ ይለያሉ። በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ ከተመጠጠ ታካሚው ክትትል ባለበት ቦታ ማደር አለበት፤ «12 ሊትር እናወጣልሻለን» የሚል ማስታወቂያ ካየሁ ገጹን እዘጋለሁ።

አሜሪካ ውስጥ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የሕክምና ፈቃድ ያለው ማንኛውም ዶክተር፣ የማሕፀን ሐኪምም ይሁን ሌላ፣ አጭር ኮርስ ወስዶ ይህን ኦፕራሲዮን ቢሠራ ሕጉ አይከለክለውም። «ቦርድ ያለው» የሚለው ቃል ብቻውንም አይበቃም፤ የየትኛው ቦርድ? የአሜሪካ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ቦርድ ከ1937 ጀምሮ አለ፤ ስማቸው ጆሮ ላይ ተመሳሳይ ሆኖ የእሱ ዓይነት እውቅና የሌላቸው ቦርዶችም አሉ። የአክስቴን ልጅ አስቀድማ እንድትጠይቅ የመከርኳት ግን ሌላ ነው፦ «ይህንኑ ሥራ ሆስፒታል ውስጥ እንድትሠራ ፈቃድ ተሰጥቶሃል?» ሐኪሙ የሚሠራው በራሱ ክሊኒክ ቢሆንም ሆስፒታል ፈቃድ የሚሰጠው የሙያ ባልደረቦቹ ሥራውን አይተው ነው። ሐኪሙ ራሱን ከሚያስተዋውቅበት ቪዲዮ ይልቅ የባልደረቦቹን ቃል አምናለሁ።

የዶንዳ ዌስት ታሪክም ይታወሳል። የራፐሩ ካንዬ ዌስት እናት ነበረች። በኖቬምበር 2007 ላይፖሰክሽንና የጡት ቅነሳ ባደረገች ማግስት በ58 ዓመቷ ሞተች። አስከሬን መርማሪው ያገኘው የልብ ደም ሥር ሕመምና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጡ ምክንያቶችን ነው፤ በቀዶ ሕክምናውም ሆነ በማደንዘዣው ስህተት ተሠርቷል አላለም። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሐኪም «መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይመርምርሽ» ብሎ አልሠራም ማለቱን በይፋ ተናግሯል። ካሊፎርኒያ በ2009 በስሟ ሕግ አወጣች፤ እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ከመሠራቱ በፊት የጤና ምርመራ ግዴታ ሆነ።

የአክስቴን ልጅ እሺ ካሏት አንዱ ደግሞ በዶሚኒካን ሪፐብሊኳ ሳንቶ ዶሚንጎ ያለ ክሊኒክ ነበር፤ ቲኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ኦፕራሲዮኑ ሁሉ በአንድ ዋጋ፣ «እስከ ዓርብ ከከፈልሽ» ቅናሽ ያለው። ያነጋገራት ሐኪም አልነበረም፣ የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ ሆዷንም ያየው በላከችው ፎቶ ብቻ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2009 እስከ 2022 ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ የውበት ኦፕራሲዮን አድርገው የሞቱ 93 አሜሪካውያንን ቆጥሯል። በዝርዝር በታዩት ሞቶች ጎልተው የወጡት ወደ ሳንባ የሄደ ስብና የረጋ ደም ናቸው። ብዙ ኦፕራሲዮን በአንድ ቀን ማድረግ፣ ከዚያም ሳይቆዩ ረጅም በረራ ላይ መቀመጥ ለደም መርጋት መንገድ ይጠርጋል። እዚያ ጎበዝ ሐኪም የለም ማለቴ አይደለም፤ ጎበዙም ቢሆን ታካሚው ከተሳፈረ በኋላ ቁስሉን ማየት አይችልም።

ያባረራት ሐኪም የፊዚዮቴራፒ ወረቀት ጽፎላት ነበር። ለወር ያህል ተኮርፎ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ባለፈው ቅዳሜ ደወለች፤ ልጆቹ ሳይነሱ ጠዋት ጠዋት ምንጣፉ ላይ ተኝታ ጭንቅላቷን ቀና እያደረገች ትለካለች። «ሁለት ጣት የነበረው አንድ ተኩል ሆኗል» አለችኝ፤ ከዚያ ትንሿ ልጅ ነቅታ ስልኩን ነጠቀቻት።