ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው፦ የኮምፒውተራችንን ሶፍትዌር ማን ይጠብቀዋል?



በኮምፒውተር ክፍላችን ያሉት ማሽኖች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ለፈቃድ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ሁለተኛ፣ በኒሙሌ መንገድ ከካምፓላ በሚመጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ላይ ሳይከብድ ይሠራል። ተማሪዎቻችን ታዲያ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፤ «በነጻ ከሆነ ማን ይሠራዋል? ሲበላሽስ ማን ያስተካክለዋል?» ይሉናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ መልሱን ለማስረዳት እንሞክራለን። መልሱ እዚህ ጁባ ላለ ትምህርት ቤትም የሚበጅ ቁም ነገር አለው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ከአገር ቤት ገና የመጣ ነጋዴ ኮኞኮኞ ገበያ ሱቅ ቢከፍት፣ የጁባ አረብኛ እስኪለምድ ድረስ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚ ከሌለ ዕቃውም ገዢውም እያሉ ንግድ አይኖርም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ፕሪንተር፣ ካሜራ፣ የዋይፋይ ካርድ፣ እያንዳንዳቸው የሚታዘዙበት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይህን ሁሉ ቋንቋ ለብቻው አይችለውም። በመካከል ሆኖ የሚያስተረጉመው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ፕሪንተሩ ጤነኛ ሆኖ፣ ገመዱም ተሰክቶ አላትም ሲል፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አስተርጓሚው ስለሌለ ወይም ስላረጀ ነው።

ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ኮዱን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላው እንዲያካፍለው ክፍት አደረገው። ዛሬ ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት ከ30 ሚሊዮን መስመር በላይ ኮድ አለው፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ወላጅ ሁሉ፣ ልብ ባይለውም፣ ይህንኑ ከርነል በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ኮድ ለምን ጠባቂ ያስፈልገዋል?

ኮድ እንደ ጎማ አያልቅም፣ እንደ ቆርቆሮም አይዝግም። ነገር ግን ዙሪያው ይለዋወጣል። አዲስ የከርነል እትም በየዘጠኝ ወይም በየዐሥር ሳምንቱ ይወጣል። ለእያንዳንዱ እትም ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ሥራቸውን ያዋጣሉ። የከርነሉ የውስጥ አሠራር ሲለወጥ ድራይቨሮቹም አብረው መስተካከል አለባቸው፤ አለዚያ ትናንት ይሠራ የነበረው ዋይፋይ ዛሬ ይቆማል። አንዳንድ ጊዜም በኮዱ ውስጥ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ይገኛል። ያኔ ቶሎ ብሎ የሚደፍነው ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ድራይቨር እንደ ውሃ ጉድጓድ ነው። መቆፈሩ በሳምንታት ያልቃል፣ ምረቃም ይደረግለታል። ፓምፑ በየጊዜው ካልታየ ግን መንደሩ ተመልሶ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ጁባ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

የባለአደራዎች መዝገብ

ከከርነሉ ኮድ ጋር አብሮ የሚቀመጥ አንድ መዝገብ አለ። «ሜንቴነርስ» ይሉታል፤ እኛ «ባለአደራዎች» ብንለው ያስኬዳል። እያንዳንዱ ድራይቨር ወይም ተመሳሳይ ድራይቨሮች በመዝገቡ ውስጥ ቦታ አላቸው። የባለአደራው ስም፣ የኢሜይል አድራሻውና የሚጠብቃቸው ፋይሎች ይጻፋሉ። አጠገቡ ደግሞ ሁኔታው ይመዘገባል፦ ደመወዝ ተከፍሎት የሚጠብቀው ሰው ካለ «የሚደገፍ»፣ እንዲሁ የሚከታተለው ካለ «የሚጠበቅ»፣ ጊዜ ሲገኝ ብቻ የሚታይ ከሆነ «አልፎ አልፎ»፣ ማንም ከሌለው «ወላጅ አልባ»፣ በሌላ ከተተካ ደግሞ «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ ይጻፋል።

የባለአደራው ሥራ ሌሎች የላኩትን ማስተካከያ ማንበብ፣ መፈተን፣ ጉድለት ካለው መመለስ፣ ደህና ከሆነ ተቀብሎ ወደ በላይ ማስተላለፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኮዱን የጻፈውም ያሳለፈውም ሰው ከሥሩ ስሙን እንዲያኖር ሥርዓት ተደርጓል። በመሆኑም አንድ መስመር ኮድ በማን እጅ አልፎ እንደመጣ ከዓመታት በኋላም ይታወቃል።

በዚህ መዝገብ ደስ የሚለን ነገር እውነቱን መናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የፍሎፒ ዲስክ ድራይቨር ባለአደራ የሚሠራ ፍሎፒ ማንበቢያ በእጁ ስላልቀረ፣ ድራይቨሩ «ወላጅ አልባ» ተብሎ ተመዘገበ። ጠባቂ የለውም ተብሎ በግልጽ በመጻፉም ከጊዜ በኋላ ሌላ ፈቃደኛ መጥቶ ተረከበው። ክፍት ቦታ ክፍት መሆኑ ካልተነገረ ማንም ሊሞላው አይመጣም።

ወላጅ አልባው ዋይፋይ

አሁን ወደ አገራችን የሚያደርስ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ፕሮጀክት ኤክስኦ የሚባል ነጭና አረንጓዴ ቀለም ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ወደ 5,000 የሚጠጉት ኢትዮጵያ ገብተው በአዲስ አበባና ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ትምህርት ቤቶች ታደሉ። የአማርኛ ፊደል ያለበት የቁልፍ ገበታም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። እንደ ጆሮ በቆሙት ሁለት አንቴናዎቻቸው እርስ በርስ የሚገናኙበት ዋይፋይ ደግሞ «ሊበርታስ» የሚባል ድራይቨር ይጠቀማል።

ፕሮጀክቱ ሲጀመር ገንዘብም፣ ባለሙያም፣ ዜናም ነበረው። ከዓመታት በኋላ ግን ሥራው እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ባለሙያዎቹም ወደየሌላ ሥራቸው ተበታተኑ። የሊበርታስ ድራይቨር ዛሬም በከርነሉ ውስጥ አለ። በባለአደራዎች መዝገብ ላይ ግን አጠገቡ የተጻፈው «ወላጅ አልባ» የሚለው ቃል ነው። ኮዱ አልተሰረዘም፣ አልተቃጠለም፤ የጎደለው «ይህ የኔ ነው» የሚል ሰው ነው። ማሽን ማደልና ማሽን ማቆየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

ሸክሙን እንዴት ይካፈሉታል?

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የከርነል ሠራተኞችም በልምድ የደረሱት እዚሁ ነው። አንድ ድራይቨር አንድ ባለአደራ ብቻ ካለው፣ ያ ሰው ቢታመም፣ ሥራ ቢለውጥ ወይም ቢሰለች ሁሉም ነገር ይቆማል። ከሌሎች የተላከው ማስተካከያ ጠረጴዛው ላይ ይከመራል፤ የላከውም ሰው መልስ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል።

የስክሪን ካርድ ድራይቨሮችን የሚሠሩት ሰዎች የተሻለ መንገድ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 አካባቢ ጀምሮ ኮድ የማስገባት ሥልጣንን ከጥቂት ሰዎች እጅ አውጥተው ለብዙዎች አከፋፈሉት። በላይ ሆነው ኃላፊነቱን የሚሸከሙ ሁለት ሦስት ባለአደራዎች አሉ፤ ከእነርሱ በታች ደግሞ ማስተካከያ ማስገባት የሚችሉ ብዙ ሰዎች አሉ። የሥርዓቱ ምሰሶ ግን አንድ ደንብ ነው፦ ማንም የጻፈውን ሥራ ሌላ ሰው ሳያየው አያስገባም። ነባሩም፣ አለቃውም ቢሆን ያስገመግማል። በዚህ ምክንያት አንዱ የሚያውቀውን ቢያንስ ሌላ አንድ ሰው ያውቀዋል።

ይህ በእድር ከለመድነው ብዙም አይርቅም። እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ጸሐፊው አገር ቢቀይር መዝገቡ ይቀራል፤ በቦታው ሌላው ይመረጣል፤ ድንኳኑም ሐዘን የደረሰበት ቤት ሳይዘገይ ይደርሳል። ደንቡ ስለተጻፈና ተራው ስለታወቀ እድር ከመሥራቾቹ በላይ ዕድሜ ይኖረዋል።

በከርነሉም ይህ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ቶርቫልድስ ራሱ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራው ገለል አለ። በቦታው ለብዙ ዓመታት አብሮት የሠራው ግሬግ ክሮህ ሃርትማን ተተካና 4.19 የተባለውን እትም በጥቅምት ወር አወጣ። በየድራይቨሩ ባለአደራ ነበረ፤ አሠራሩም ይታወቅ ስለነበር ሥራው አልተቋረጠም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን እንጨምር። መካፈል ማለት «የሁላችንም ነው» ብሎ መተው አይደለም። የሁሉም የተባለ ሥራ፣ ስም ካልተጻፈበት፣ «እገሌ ያየዋል» እየተባለ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ባለአደራዎቹ ብዙ ቢሆኑም በስም የታወቁ መሆን አለባቸው።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

የምንኖረው ሰው በሚበዛባትና በሚለዋወጥባት ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 ግጭት በተነሳ ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጁባን ለቀው ወጥተዋል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን የወላጅ ሥራ ሲለወጥ፣ ውል ሲያልቅ፣ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ሲሄድ መሰነባበት አይቀርም። ይህን ማስቆም አንችልም። አንድ ሰው ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ ማድረግ ግን እንችላለን።

ስለዚህ በሚመጣው የትምህርት ዘመን በኮምፒውተር ክፍላችን ግድግዳ ላይ የራሳችንን የባለአደራዎች መዝገብ እንለጥፋለን። ለፕሪንተሩ፣ ለዋይፋዩ፣ ለባትሪዎቹ፣ ለጄኔሬተሩ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ስም ይጻፋል፤ አንድ የትልቅ ክፍል ተማሪ ወይም መምህር፣ አንድ ደግሞ ከታች ክፍል የሚማር። ትልቁ ሲሠራ ትንሹ ያያል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ትንሹ ሲሠራ ትልቁ ያያል። ምን እንደተበላሸና እንዴት እንደተስተካከለ በደብተር ይጻፋል። የሚለቅ ሰው ከመሄዱ በፊት ደብተሩን በፊርማ ያስረክባል። ጠባቂ ያጣ ዕቃ ካለ ሳናፍር «ወላጅ አልባ» ብለን እንጽፋለን። በኤሌክትሪክ ወይም በኮምፒውተር ሙያ የተሰማራችሁ ወላጆች ስማችሁን በዚህ መዝገብ ላይ ብናይ ደስታችን ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎቻችን ደግሞ አንድ ምክር አለን። ሊኑክስ ክፍት ነው ማለት በሩ ለእናንተም ክፍት ነው ማለት ነው። ከትልቅ ነገር መጀመር አያስፈልግም። አንድ መሣሪያ አልሠራ ሲል ምን እንደሆነ በጥንቃቄ መዝግቦ ለባለአደራው ማሳወቅ ራሱን የቻለ እርዳታ ነው። የማስረጃ ጽሑፍ ማረም፣ ወደ አማርኛ መመለስ፣ አዲስ ማስተካከያ በአሮጌ ማሽን ላይ መሞከር፣ ሁሉም የሚፈለግ ሥራ ነው። በሀብታም አገር ከጥቅም ውጭ የሆኑ አሮጌ ማሽኖች በእኛ ክፍል ገና ይሠራሉ፤ ስለዚህ እናንተ ልትፈትኑት የምትችሉትን ሌላው ሊፈትነው ላይችል ይችላል።

ለሁላችሁም መልካም የዕረፍት ጊዜ እንመኛለን። ስትመለሱ መዝገቡ ግድግዳው ላይ ይጠብቃችኋል።