ቤንዚን በኮምፒውተር ውስጥ ሲነድ

እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካው ኦልድስሞቢል «ጄትፋየር» የተባለች ባለቱርቦ የቤት መኪና ለገበያ አቀረበ። የ3.5 ሊትር ሞተሯ 215 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጉልበቱ ግን ያለ ዕዳ አልመጣም፤ ሞተሩ እንዳያንኳኳ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ ለብቻው ከተቀመጠ ማጠራቀሚያ ይረጭለት ነበር። ባለቤቱ ማጠራቀሚያውን መሙላት ከረሳ መኪናዋ ጉልበቷን ታጣለች። ምርቷ ከ1963 አላለፈም።

ማንኳኳት የሚፈጠረው ካንዴላው የለኮሰው ነበልባል ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ሲቀጣጠል ነው። ቱርቦ ሁለቱንም ያባብሳል። ቱርቦውን የሚያሽከረክረው የቃጠሎው ጭስ፣ ቃጠሎውን የሚወስነው ደግሞ ቱርቦው የላከው አየር በመሆኑ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማስላት አያዋጣም። የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ትልቁ ውለታ ይህን መጠላለፍ አንድም ብረት ሳይቆረጥ መፈተሽ ማስቻሉ ነው።

የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሸከሙት ቀለል ያሉት ስሌቶች ናቸው። የሶቪየቱ መሐንዲስ የኢቫን ቪቤ ቀመር ነዳጁ በየቅጽበቱ ምን ያህል እንደነደደ በአንድ መስመር ይገልጻል። ሊቨንጉድና ዉ በ1955 ያወጡት ዘዴ ደግሞ ያልነደደው ድብልቅ ወደ ፍንዳታ የሚያደርገውን ጉዞ እየደመረ ማንኳኳቱ የሚጀምርበትን ቅጽበት ይተነብያል። ጂቲ-ፓወርን በመሰሉ ፕሮግራሞች እነዚህ የቆዩ ሐሳቦች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው።

ቱርቦው ወደ ስሌቱ የሚገባው በመፈተሻ ጠረጴዛ ላይ በተለካ ሠንጠረዥ ነው። ችግሩም እዚህ አለ፤ ሠንጠረዡ የሚለካው ሳያቋርጥ በሚፈስ ጋዝ ሲሆን ከሲሊንደር የሚወጣው ጭስ ግን እየተገፋ በምት በምት ይመጣል። ከፍታም ሌላ ፈተና ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ያንኑ የአየር መጠን ለመላክ ቱርቦው ይበልጥ መፍጠን አለበት፤ በደቂቃ ከ200,000 ዙር በላይ የሚሽከረከሩ ትናንሽ ቱርቦዎች ደግሞ ወደ ፍጥነት ገደባቸው ይጠጋሉ። ሲሙሌሽኑ ይህን መኪናው ዳገት ሳይወጣ ያሳያል።

ሲሊንደሩን በሺዎች ወይም በሚሊዮኖች ክፍልፋዮች ከፍሎ የሚያሰላው መንገድ ከባድ ነው። በአሜሪካው ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የተሠራው ኪቫ የተባለው ፕሮግራም በ1985 ሲለቀቅ ለዘርፉ በር ከፈተ። ኬሚስትሪው ግን ገና አስቸጋሪ ነው። ቤንዚን የመቶዎች ውሕዶች ቅልቅል ስለሆነ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ በአይሶኦክቴንና በሄፕቴን ይተኩታል፤ በኦክቴን መለኪያ የመጀመሪያው 100፣ ሁለተኛው 0 ነው። የሎውረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ለአይሶኦክቴን ብቻ ያዘጋጀው ዝርዝር ከ850 በላይ ውሕዶችና ከ3,600 በላይ ግብረ መልሶች አሉት። ይህን በእያንዳንዱ ክፍልፋይ ማስላት ስለማይቻል ዝርዝሩን ማሳጠር ግድ ነው፤ የባለሙያው ብስለት የሚታየውም ምን ቢቀነስ መልሱ እንደማይዛባ በመለየት ነው።

አንድ ነገር ለስሌቱ አስቸግሮ ቆይቷል። በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት በሚሸከሙ ትናንሽ ባለቱርቦ ሞተሮች ድብልቁ አልፎ አልፎ ከካንዴላው ብልጭታ በፊት ይቀጣጠላል፤ ፒስተን እስከ መስበርም ይደርሳል። ከተጠርጣሪዎቹ ዋነኛው ወደ ሲሊንደሩ የሚገባ የዘይት ጠብታ ነው። ክስተቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ዑደቶች መካከል አንዴ ብቅ የሚል ስለሆነ ጥቂት ዑደቶችን የሚያሰላ ኮምፒውተር ላያገኘው ይችላል። የተሻለው መፍትሔ የመጣው ከሞተር መፈተሻ ክፍል ነው፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲቀነስና በከፊል በማግኒዥየም ሲተካ ችግሩ እንደሚቀንስ ታየ። በ2018 ይህን አደጋ የሚከላከለው ኤስኤን ፕላስ የተባለው የዘይት ደረጃ ወጣ።